ማሽን ሲረዳ ሰው ይዘናጋልን?

ዛሬ ከፋብሪካ የሚወጣ መኪና ከሹፌሩ ጋር አብሮ መንገድ ያያል። ከፊት ያለው መኪና ድንገት ቀጥ ሲል በራሱ ፍሬን ይይዛል፤ ከመስመር ሲወጣ መሪውን ይመልሳል፤ ሹፌሩ ሲያንቀላፋ ይጮኻል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2024 ወዲህ የሚሸጥ አዲስ መኪና ሁሉ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች እንዲኖሩት ሕግ ያስገድዳል። አሜሪካም በራሱ የሚይዝ ፍሬን እ.ኤ.አ. ከ2029 ጀምሮ በአዳዲስ የቤት መኪኖች ሁሉ ላይ ግዴታ እንዲሆን ደንብ አውጥታለች። ስለዚህ ነገሩ የውድ መኪና ገዢዎች ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል፤ መንገድ የሚሻገር ሰው ሁሉ ይመለከተዋል። ጥያቄውም ይህ ነው፦ ማሽን የሚረዳው አሽከርካሪ ከአደጋ ይርቃል ወይስ ይዘናጋል?

አስቀድመን ሁለት ነገሮችን እንለይ። ከአደጋ መራቅ አንድ ነገር ነው፤ መጠንቀቅ ሌላ ነገር ነው። የተዘናጋ ሰው በዕድልም በማሽንም ሊተርፍ ይችላል፤ የተጠነቀቀም በሌላው ጥፋት ሊሞት ይችላል። አንድ መሣሪያ ሹፌሩን ትንሽ ቢያዘናጋውም እንኳ የሚያድነው ሕይወት ከሚያስጠፋው ከበለጠ፣ በቁጥር ሚዛን ጥሩ መሣሪያ ነው። ግን ቁጥር ብቻውን አይበቃም። የአንዱ መዘናጋት ዋጋ የሚከፈለው ብዙ ጊዜ በሌላው ነውና፣ «ስንት ሰው ዳነ?» ብለን ስንጠይቅ «በማን ኪሳራ ዳነ?» ብለንም መጠየቅ አለብን።

የዚህን ሐተታ መደምደሚያ ከወዲሁ ልናገር፤ አንባቢ ምክንያቴን እየመዘነ እንዲከራከረኝ። መሣሪያው ይጠቅማል ወይስ ያዘናጋል የሚለው የሚወሰነው ከሹፌሩ እጅ በሚወስደው ሥራ ነው። መንዳቱን ለሹፌሩ ትቶ በመጨረሻዋ ቅጽበት ብቻ የሚደርስ መሣሪያ ሰው ያድናል። መንዳቱን ወስዶ ለሹፌሩ መጠበቅን ብቻ የሚተው መሣሪያ ግን ሰው የማይችለውን ሥራ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው መዘናጋት የሹፌሩ ጥፋት ብቻ ተብሎ ሊታለፍ አይገባም።

የመዘናጋትን ክስ በምርምር አጠንክሮ ካቀረቡት ቀዳሚው ኢኮኖሚስቱ ሳም ፔልዝማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው ጥናት፣ የአሜሪካ መንግሥት በመኪና አምራቾች ላይ የጣላቸው የደኅንነት ግዴታዎች የታሰበውን ያህል ሞት አልቀነሱም አለ። ሰው ቢጋጭ የሚደርስበት ጉዳት መቀነሱን ሲያውቅ ይደፍራል፤ ይፈጥናል። በዚህ መንገድ መኪናው ውስጥ ያለው ሲተርፍ፣ ውጭ ያለው እግረኛ ይበልጥ ይጋለጣል። ከእሱ በኋላ የመጡ ብዙ ተመራማሪዎች የግኝቱን መጠን ተከራክረውታል፤ ያነሣው ጥያቄ ግን እስካሁን አልተዘጋም።

ለዚህ ክስ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ማስረጃ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በጀርመኗ ሙኒክ የተገኘው ነው። የአንድ የታክሲ ድርጅት መኪኖች ከፊሎቹ ኤቢኤስ ነበራቸው፤ ማለትም ፍሬን በኃይል ሲረገጥ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው መሣሪያ ተገጥሞላቸዋል። የቀሩት አልነበራቸውም። ተመራማሪዎች ሁለቱን ለዓመታት ሲያስተያዩ የአደጋው ቁጥር ይህን ያህል አልተለያየም። ማንነታቸውን ሳይናገሩ እንደ ተሳፋሪ የገቡ ታዛቢዎችም ምክንያቱን አዩ፦ ኤቢኤስ ያላቸው ሹፌሮች ፍሬን የሚይዙት በኃይል ነው፤ ኩርባ ላይም አጥብቀው ይታጠፋሉ። መሣሪያው የሰጣቸውን ትርፍ በድፍረት ጨርሰውታል። በኋላ ድርጅቱ ሹፌሮቹ ከጥገናው ወጪ እንዲካፈሉና አደጋ የሚያበዛ ከሥራ እንደሚሰናበት ሲደነግግ አደጋው ቀነሰ። የካናዳው የሥነ ልቦና ምሁር ጄራልድ ዋይልድ ይህን ይዞ፣ ሰው በልቡ የሚታገሠው የአደጋ መጠን አለው፤ ከአንድ በኩል ሲቀነስለት ከሌላ በኩል ይጨምራል ሲል ተከራከረ።

ይህ ክርክር ሙሉ እውነት ቢሆን ኖሮ መኪናን ለማሻሻል መድከም ከንቱ በሆነ ነበር። ግን አይደለም። መኪና ሲንሸራተት የእያንዳንዱን ጎማ ፍሬን ለየብቻ እየያዘ ወደ መስመሩ የሚመልሰውን ኢኤስሲ የሚባለውን ሥርዓት እንውሰድ። በአሜሪካ የመድን ኩባንያዎች የሚደገፈው የአውራ ጎዳና ደኅንነት ተቋም እንዳረጋገጠው፣ ይህ መሣሪያ አንድ መኪና ብቻውን ተገልብጦ ወይም ከመንገድ ወጥቶ ሰው የሚሞትበትን አደጋ በግማሽ ያህል ቀንሷል። ያንኑ ፍሬን የሚያዝዝ፣ የኤቢኤስ ዘመድ የሆነ መሣሪያ ነው። ታዲያ የአንዱ ትርፍ በድፍረት ሲያልቅ የሌላው ለምን ተረፈ?

ልዩነቱ ሹፌሩ በየዕለቱ በሚሰማው ነገር ላይ ይመስለኛል። ኤቢኤስ ሲሠራ ፔዳሉ ከእግር ሥር ይንቀጠቀጣል፤ ሹፌሩ በዝናብ ቀን አንድ ሁለቴ ሞክሮት «ይይዛል» ብሎ ይማራል፤ የተማረውንም ወደ አነዳዱ ያስገባዋል። ኢኤስሲ ግን የሚመጣው ሹፌሩ መኪናውን መቆጣጠር ባቃተው ቅጽበት ነው። ብዙ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲነዳ አንዴም ሳያገኘው ይቀራል። ሰው ያልተሰማውን ነገር ተማምኖ አይደፍርም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ደንብ እንዲህ ማስቀመጥ እንችላለን፦ ከዕለታዊ አነዳድ ርቆ የሚቀመጥና ለጭንቅ ቀን ብቻ የሚወጣ እርዳታ የሹፌሩን ጠባይ አይለውጥም።

በራሱ የሚይዘው ፍሬንም ከዚሁ ወገን ነው። ያው ተቋም እንዳገኘው፣ ይህ ፍሬን ያላቸው መኪኖች ከፊት ያለውን መኪና ከኋላ የሚገጩበት አደጋ በግማሽ ቀንሷል፤ ማስጠንቀቂያ ብቻ የሚያሰሙት ላይ ግን ቅናሹ 27 በመቶ ነው። እግረኛን ለይቶ የሚያቆመውም ጠቅሟል፤ መብራት በሌለበት ጨለማ ላይ ግን ምንም ልዩነት አልታየበትም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ቀላል አይደለም። የመንገድ መብራት ብርቅ በሆነበት አገር የሚኖር ሰው፣ መሣሪያው ጭራሽ በማይደርስለት ሰዓት ነው በመንገድ ዳር የሚሄደው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን እንሻገር። ከፊት ካለው መኪና ጋር ርቀቱን እየጠበቀ ፍጥነቱን የሚያስተካክል፣ ራሱንም ከመስመሩ መሃል የሚያቆይ መኪና አለ። የአሜሪካ የመኪና መሐንዲሶች ማኅበር ኤስኤኢ ከ0 እስከ 5 በዘረጋው ደረጃ ይህ ደረጃ 2 ይባላል፦ መኪናው ይነዳል፤ ሹፌሩ ግን ዓይኑን ሳይነቅል ይጠብቃል፤ ተጠያቂውም እሱ ነው። የቴስላው አውቶፓይለት ዋነኛው ምሳሌ ነው። ከላይ የጠቀስኩት ተቋም እነዚህን ሥርዓቶች ሲመረምር፣ አደጋን እንደሚቀንሱ የሚያሳይ አሳማኝ ማስረጃ አላገኘም። ምቾት መስጠታቸው የማይካድ ነው፤ ደኅንነት መስጠታቸው ግን አልተረጋገጠም።

ለምን? ሌባ መጥቶበት በማያውቅ ግቢ የተቀጠረ ዘበኛን እናስብ። በመጀመሪያው ሳምንት ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ብድግ ይላል። ስድስት ወር ካለፈ በኋላ በሩ ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ይተኛል። ሰነፍ ብለን ብንሰድበው እንሳሳታለን፤ እያንዳንዱ ሌሊት ነቅቶ ማደር ከንቱ መሆኑን ሲያስተምረው ከርሟል። ማሽኑም ይበልጥ በታመነ ቁጥር ጠባቂውን ይበልጥ ያስተኛዋል። ስለዚህ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ይከተላል፦ ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ በትክክል የሚነዳ ማሽን፣ ከመቶ ሃምሳ ጊዜ ከሚሳሳተው ይልቅ ለዚያች ለቀረችው አንዷ ጊዜ ሹፌሩን ያላዘጋጀ ይሆናል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የብሪታንያ አየር ኃይል የራዳር ተመልካቾች የጠላት ሰርጓጅ መርከብ ምልክት ለምን እንደሚያመልጣቸው ለማወቅ ኖርማን ማክዎርዝ የተባለ ተመራማሪ አንድ ሙከራ አደረገ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1948 አሳተመ። ሰዓት የመሰለ ገበታ ላይ ቀስት በየሰከንዱ አንድ እርምጃ ትዘላለች፤ አልፎ አልፎ ድርብ ትዘላለች። የተመልካቹ ሥራ ያችን ድርብ ዝላይ መለየት ብቻ ነው። ገና የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት እንዳለፈ የሚያመልጣቸው ምልክት በግልጽ ጨመረ። እነዚህ ሰዎች ትኩረታቸውን የሚሰርቅ ስልክ አልነበራቸውም። ያነሳቸው የሚሠሩት ነገር ነው።

«ጨዋ ሹፌር ከፈለገ ነቅቶ ይጠብቃል፤ ጉዳዩ የፈቃድ ጉዳይ ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ክብደት ያለው ተቃውሞ ነው፤ ምክንያቱም ሰውን ሁሉ የሁኔታው ባሪያ ካደረግነው ኃላፊነት የሚባል ነገር አይተርፍም። ግን ትኩረት ከየት እንደሚመጣ እንመልከት። መሪ የያዘ ሰው በየቅጽበቱ በእጁ ትንሽ ትንሽ ያስተካክላል፤ እያንዳንዷ ማስተካከያ ዓይኑን «አሁን የት ነን?» ብላ ትጠራዋለች። እጅ ዓይንን ያነቃል፤ ዓይን እጅን ይመራል። እጁን ከሥራ ብታሳርፉት ዓይኑን የሚጠራው ነገር ይጠፋል። በፈቃድ ብቻ የቆመ ትኩረት ይኖራል፤ ግን ደቂቃዎችን እንጂ ሰዓቶችን አይዘልቅም። ስለዚህ ሰውየውን «ለምን አልፈቀድክም?» ብሎ መክሰስ፣ «ለምን አልበረርክም?» እንደማለት ይቆጠራል።

እ.ኤ.አ. ሜይ 7 ቀን 2016 በፍሎሪዳ ዊሊስተን አጠገብ የሆነውም ይህንን ያሳያል። በአውቶፓይለት የሚሄድ የቴስላ መኪና መንገዱን ያቋርጥ በነበረ ከባድ መኪና ተሳቢ ሥር ገብቶ አሽከርካሪው ሞተ። መርማሪዎች መዝገቡን ሲያዩ፣ ሥርዓቱ መኪናውን በነዳበት 37 ደቂቃ ውስጥ የሰውየው እጅ መሪው ላይ መኖሩ የተመዘገበው ለ25 ሰከንድ ብቻ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ የከባድ መኪናውን ሹፌር ቅድሚያ ባለመስጠቱ፣ የሟቹን ደግሞ በማሽኑ ከልክ በላይ በመተማመኑ ነቀፈ። ነገር ግን እዚያ አላቆመም፤ የመኪናው ንድፍ ራሱ ሰውየው ለረጅም ጊዜ እንዲዘናጋ መፍቀዱን ከምክንያቶቹ ውስጥ አስገባ።

እንግሊዛዊቷ ሊዛን ቤይንብሪጅ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመችው አጭር ጽሑፍ ይህን ችግር ቀድማ አይታዋለች። መሐንዲሱ ሰውን የሚተካው ሰው ይሳሳታል ብሎ ነው፤ ነገር ግን እሱ ራሱ በማሽን ሊሠራው ያልቻለውን፣ ከሁሉ የከበደውን ክፍል መልሶ ለዚያው ሰው ይተውለታል። ያ ሰው ደግሞ በየዕለቱ ስለማይሠራ እጁ ይፈታል፤ ሲጠራም ምን ላይ እንደደረሰ ሳያውቅ ይደርሳል።

ይህ አስተሳሰብ ምን እንደሚያስከፍል ኢትዮጵያውያን እናውቃለን። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አቅራቢያ የወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 ቦይንግ 737 ማክስ የ157 ሰዎች ሕይወት ይዞ ሄዷል። አውሮፕላኑ ውስጥ የነበረው ሥርዓት ከአንድ ዳሳሽ በመጣ የተሳሳተ መረጃ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፋ። አብራሪዎቹ አልተዘናጉም፤ እስከ መጨረሻው ታግለዋል። ስለዚህ ታሪኩን ከተዘናጋ ሹፌር ታሪክ ጋር ማደባለቅ ነውር ነው። የሚያገናኛቸው ንድፉን ያወጡት ሰዎች ግምት ነው፦ «ማሽኑ ቢሳሳት ሰው አለ፤ በሰከንዶች ውስጥ ያርመዋል።» የአሜሪካው የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በሴፕቴምበር 2019 እንዳመለከተው፣ ቦይንግ ይህን ሲገምት ብዙ ማስጠንቀቂያ በአንድ ጊዜ ሲደራረብ አብራሪ ምን እንደሚገጥመው በበቂ አላጤነም። እንግዲህ ነቅቶ የሠለጠነ አብራሪ በሰከንዶች ውስጥ ሊያርመው ያልቻለ ነገር ካለ፣ ለግማሽ ሰዓት ሥራ ፈቶ የተቀመጠ የመኪና ሹፌር እንዴት ይጠበቅበታል?

ከዚህ ወደ ኃላፊነት ጥያቄ እንደርሳለን። እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 2018 ማታ በአሪዞናዋ ቴምፒ የኡበር ኩባንያ ራሱን የሚነዳ የሙከራ መኪና፣ ብስክሌት እየገፋች መንገድ ስትሻገር የነበረች ሴት ገጭቶ ገደለ። ማሽኑ ከግጭቱ 5.6 ሰከንድ በፊት አይቷታል። አንዴ ተሽከርካሪ፣ አንዴ ሌላ ነገር፣ አንዴ ብስክሌት እያለ ሲያገላብጣት ግን ጊዜው አለቀ፤ ከማቋረጫ ውጭ የሚሻገር እግረኛ ይኖራል ተብሎ አልተሠራምና። መኪናው ከአምራቹ ከቮልቮ ይዞት የመጣው የራሱ አውቶማቲክ ፍሬን የኡበር ሥርዓት ሲነዳ እንዲጠፋ ተደርጎ ነበር። መኪናው ውስጥ የሚቀመጡት፣ ቀድሞ ሁለት የነበሩት ተቆጣጣሪዎች ወደ አንድ ተቀንሰው ነበር። ያቺ አንዷ ተቆጣጣሪ ደግሞ ስልኳን ታይ ነበር። ዐቃቤ ሕግ በኩባንያው ላይ የወንጀል ክስ ለመመሥረት ምክንያት አላገኘሁም አለ፤ ተቆጣጣሪዋ ተከሳ እ.ኤ.አ. በ2023 ጥፋተኝነቷን አምና በአመክሮ ተቀጣች።

ጥፋት አልነበረባትም አልልም። በእጇ የሰው ሕይወት በአደራ ነበር፤ አደራ በላች። ነገር ግን ፍሬኑን ያጠፋው፣ ሁለተኛውን ሰው ያነሣው፣ ማክዎርዝ ከሰባ ዓመት በፊት ሰው አይችለውም ያለውን ሥራ በሌሊት ለአንድ ሰው የሰጠው ውሳኔ የተወሰነው ቢሮ ውስጥ፣ በሙሉ ንቃት ነው። የደከመ ትኩረት የሠራው ጥፋት በወንጀል ሲጠየቅ፣ በጠራ አእምሮ የተወሰነው ሳይከሰስ ካለፈ፣ ፍትሕ ከኋላ ወደ ፊት ተገልብጧል። የእኔ ሁለተኛ ደንብ ይህ ነው፦ ኃላፊነት ሥራን መከተል አለበት። መንዳቱን የወሰደ፣ የመንዳቱን ተጠያቂነት ለሌላው ትቶ መሄድ አይችልም።

አምራቾች ለዚህ መልስ አላቸው፦ ሹፌሩን የሚመለከት ካሜራ። ዓይኑ ከመንገድ ሲርቅ ይጮኻል፤ ካልተመለሰም እርዳታውን ያቋርጣል። ቴስላ በዲሴምበር 2023 በአሜሪካ ከ2 ሚሊዮን በላይ መኪኖቹን ለሶፍትዌር ማስተካከያ የጠራው የአውቶፓይለት ተጠቃሚዎች ንቃት በበቂ አይጠበቅም ስለተባለ ነው። ካሜራው ከምንም ይሻላል፤ እቀበለዋለሁ። ይሁን እንጂ ያ የአውራ ጎዳና ደኅንነት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2024 ከመረመራቸው 14 ሥርዓቶች ሹፌሩን በመቆጣጠር ረገድ 11ዱ ዝቅተኛውን ደረጃ ነው ያገኙት። ከዚያም በላይ ካሜራ የሚያየው ዓይንን ነው፤ ልብ የት እንዳለ አያይም። ሌላው መልስ ሹፌሩን ጨርሶ ማውጣት ነው። ዌይሞ የተባለው ኩባንያ በፊኒክስና በሳን ፍራንሲስኮ ሹፌር አልባ መኪና ያሠማራል። ይህኛው ቢያንስ ሐቀኛ ነው፦ ሥራውንም ተጠያቂነቱንም አንድ ወገን ይዟል። የሚያስፈራው መሃሉ ነው።

ነገሩ ወደ እኛም ደርሷል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ የአዲስ አበባ መንገዶች በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልተዋል፤ ብዙዎቹ እነዚህን መሣሪያዎች ይዘው ነው የሚመጡት። በአንዱ፣ ለቻይና ገበያ ብቻ በተሠራው ቮልስዋገን አይዲ 6፣ ከሃያ ሁለት ወደ ቦሌ ስሄድ ከፊታችን ያለው ሚኒባስ ተሳፋሪ ለመጫን ያለ ፍሬቻ ወደ ጠርዝ ገባ። ወጣቱ ሹፌር እግሩን ከፍጥነት ፔዳሉ ላይ አስቀድሞ አንሥቶ ነበር፤ የሚኒባሱ ረዳት በሩን ሲከፍት አይቷል። መኪናው ከዚያ በኋላ ነው የጮኸው። ስክሪኑ ላይ ቀይ የቻይንኛ ጽሑፍ በራ።

«አይስጉ ጋሼ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው» አለኝ።

«ጽሑፉ ምን ይላል?»

«እኔንጃ። መኪናውን ሳስነሣ አጠፋዋለሁ፤ ዛሬ ረስቼው ነው።»

ይህን እያለ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳርፎ፣ የማያነበውን ማውጫ በቦታው ብቻ እያስታወሰ ሁለት ሦስት ጊዜ ነካካ። ያን ጊዜ ዓይኑ ከመንገዱ ላይ አልነበረም።

ይህ ልጅ የተዘናጋ ሹፌር አይደለም፤ ከማሽኑ ቀድሞ አይቷል። ማሽኑ ግን በማያውቀው ቋንቋ፣ ዘግይቶ፣ ነጩ መስመር በደበዘዘበትና እግረኛ በየቦታው በሚሻገርበት መንገድ ላይ ለሁሉም ነገር ስለሚጮኽ እምነቱን አጥቷል። መጨረሻው ያሳስበኛል። ጩኸቱን ለመገላገል ብሎ ማውጫውን ሲነካካ፣ አንድ ቀን አንድ ሕፃን ሊያድን የሚችለውን ፍሬን አብሮ ቢያጠፋ በምን ያውቃል? እርዳታ ጥቅም ላይ የሚውለው ተረጂው ሲረዳው ነው። በከተማችን በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው፤ መሣሪያውን አልገዙትም፣ ማውጫውንም አላጠፉትም።

ስለዚህ ለተነሣው ጥያቄ መልሴ እንዲህ ይጠቃለላል። ሹፌር ነድቶ ሲሳሳት የሚደርስለት መሣሪያ ይብዛ፤ በድሃ አገርም ግዴታ ይሁን፤ አስመጪውም ቋንቋውን ለውጦ፣ የትኛው እንደሚያድንና የትኛው እንደሚያግዝ ለገዢው አስተምሮ ያስረክብ። የመንጃ ፈቃድ ሥልጠናም ፍሬንና ማርሽ ላይ ሳያበቃ እነዚህን ይጨምር። ሹፌሩን ዘበኛ የሚያደርገው መሣሪያ ግን እንደ ደኅንነት ዕቃ መሸጥ የለበትም፤ ከሸጡትም ተጠያቂነቱን ሻጭና አምራች አብረው ይሸከሙ። እንዲህ ያለ መኪና ፈቃድ ሲጠየቅለት መንግሥትም፣ መድን ሰጪም፣ ገዢም ለአምራቹ አንድ ጥያቄ ያቅርቡ፦ ማሽኑ «አልችልም» ሲል ለሹፌሩ ስንት ሰከንድ ይቀረዋል፤ ከዚያች ሰከንድ በፊትስ ምን እንዲሠራ ሰጥታችሁት ነበር? ለዚህ መልስ የሌለው አምራች፣ ሹፌሩን «ተዘናጋህ» ብሎ የመክሰስ መብት የለውም።